ጎሉን ያገባው ንፋስ ነው

ታላላቅ ውሳኔዎች የሚወለዱት በታላላቅ አዳራሾች ነው የሚል ሰው፣ ጋሽ መቀስ ቤት ገብቶ ፂሙን ተላጭቶ የማያውቅ ሰው ነው። የጋሽ መቀስ ፀጉር ቤት አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወትና ተራ ጠባቂ የሚቀመጥበት አግዳሚ አለው። ከዚህ የተረፈው ቦታ ሁሉ የላይ ሰፈር እግር ኳስ ክለብ የደጋፊዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ነው። ማኅበሩ ሌላ ቢሮ የለውም፤ አስፈልጎትም አያውቅም። ጥበብ ባለበት ቤት ጠረጴዛ ምን ይሠራል?

ጥበቡ ከደንቡ ይጀምራል። ደንቡን የጻፉት ሊቀመንበሩ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ስለነበሩ «ስለሆነም» ሳይሉ ውሃ እንኳ አይጠይቁም። አንቀጽ አንድ፣ «በስብሰባ ሰዓት በፀጉር ቤቱ ውስጥ የተገኘ ሁሉ የማኅበሩ አባል ነው፤ ድምፅም ይሰጣል» ይላል። ይህ የተደነገገው ምልዓተ ጉባኤ አልሞላ እያለ ስላስቸገረ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሊጎድል አልቻለም፤ አባላቱ ባይመጡ እንኳ ፀጉር ማደጉ አይቀርም።

አንቀጽ ሁለት ደግሞ፣ «አንድ ውሳኔ የሚሻረው የደገፉት ሁሉ ተገኝተው በአንድ ቃል ሲስማሙ ብቻ ነው» ይላል። ይህኛው የመጣው በአሠልጣኙ ምክንያት ነው። ማኅበሩ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሠልጣኙን በጭብጨባ አባረረው፣ ከምሳ በፊት በጭብጨባ መለሰው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና በጭብጨባ አባረረው። በመጨረሻ ሰውየው ራሱ መጥቶ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ለሚስቴ ምን ብዬ ልንገራት?» ብሎ እንባው መጣ። ሊቀመንበሩ አዘኑ፤ አዝነውም አንቀጽ ሁለትን ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበሩ የወሰነውን አይለውጥም። ቢሳሳት እንኳ በስህተቱ ይጸናል። ጽናት ማለትም ይኸው ነው።

የማኅበሩ ንብረት አንድ ዋንጫ ነው። ክለቡ በዕድሜው ያነሣው ያንኑ አንዱን ሲሆን፣ የሚቀመጠውም እዚያው ከመስታወቱ ፊት፣ በፓውደሩና በማበጠሪያዎቹ መሀል ነው። መስታወቱ ፊት ስለሆነ ከበር ለሚገባ ሰው ሁለት ዋንጫ ይመስላል። ጋሽ መቀስ ይህን ለማረም አፉን ከፍቶ አያውቅም። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚወለውለው ዋንጫውን ነው፤ ወንበሩ ቀጥሎ ነው። ሚስቱ አንድ ቀን ቁልፍ ልታቀብለው መጥታ ይህን ስታይ «ምናለ እኔንም በሳምንት አንዴ እንዲህ ብታየኝ» ብላው ሄዳለች። እሱ ግን ያን ዋንጫ ሲያይ አንገቱ ቀና ይላል። ሰው ሠላሳ ዓመት አንገቱን ደፍቶ የሰው አንገት ሲላጭ ኖሮ አንድ ቀና የሚልበት ነገር ቢያገኝ ምን ይፈረድበታል?

ዋንጫው የመጣው ከወንዙ ማዶ ካሉት ከታች ሰፈሮች ላይ ነው። ያን ዓመት ዋንጫው በእነሱ እጅ ነበር፤ የውድድሩ ደንብ ደግሞ ፍጻሜው አቻ ከወጣ ዋንጫው ከባለቤቱ ጋር ይቆያል ይላል። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ሊያልቅ ዳኛው ሰዓቱን ሲያይ፣ መብረቅ የሚባለው አጥቂያችን ጉልበቱን በፋሻ እንደጠቀለለ ከሩቅ አንዲት መታ። ኳሷ ዞራ፣ በረኛውን አታላ፣ ጥጉን ይዛ ገባች። አንድ ለዜሮ። የዚያን ዕለት ሊቀመንበሩ «ስለሆነም» የሚለውን ቃል ረስተው እንደ ሕፃን እሪ ብለዋል።

መብረቅ የጋሽ መቀስ እጅ ያሳደገው ልጅ ነው። በወንበሩ ክንዶች ላይ ሳንቃ ተጋድሞለት ከሚቀመጥበት ጊዜ ጀምሮ ሌላ ሰው ፀጉሩን ነክቶት አያውቅም። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ይመጣል፣ ቶንዶሱ ጆሮው ሥር ማንሿሿት ሲጀምር እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሲያልቅ በትከሻው ነካ ተደርጎ ይነሣል። ጋሽ መቀስ በሕይወቱ ሁለት ኩራት ነበረው፤ አንዱ መደርደሪያው ላይ፣ አንዱ ወንበሩ ላይ።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱቁ በደጋፊ ጢም ብሎ፣ ጋሽ መቀስ የማያውቀውን አንድ ደንበኛ ፊት በሳሙና አረፋ ሸፍኖ ግራ ጉንጩን ላጭቶ እንደጨረሰ፣ ጎሚስታው በሩን በትከሻው በርግዶ ገባ። ጎሚስታው ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚጠግን፣ በጉልበቱም በድምፁም የታወቀ ሰው ነው።

«ሰማችሁ?»

«ምኑን?»

«መብረቅ ሄደ!»

«የት ሄደ?»

«ወረደ! ለታች ሰፈር ፈረመ! ማሊያቸውን ለብሶ ጥርሱን ሲያሳይ ፎቶውን በዓይኔ አየሁት!»

ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አግዳሚው ላይ የነበሩት አንድ ጊዜ ብድግ ብለው፣ ምን ለማድረግ እንደተነሡ ስላላወቁ መልሰው ተቀመጡ። ጋሽ መቀስ ምላጩን እንደያዘ ቀረ። ልጁ ባለፈው ሳምንት ተቆርጦ ሲነሣ በሩ ላይ ቆም ብሎ አንድ ነገር ሊለው ፈልጎ ነበር፤ ሱቁ በሰው ስለተሞላ «በቃ ጋሼ፣ ደህና ሁን» ብቻ ብሎት ወጣ። አሁን ገባው። ቅር ያለውም የልጁ መሄድ ሳይሆን ያን ጊዜ ተከትሎት አለመውጣቱ ነበር።

«እኔ እንኳ ዱሮም አልወደውም ነበር» አለ ጎሚስታው። ይህን ሲል በገዛ ጎማ ቤቱ በር ላይ በቀይ ቀለም የጻፈው የመብረቅ የማሊያ ቁጥር ከመንገዱ ማዶ ጎልቶ ይታይ ነበር።

«ኳስ እኮ አይችልም፤ ሩጫ ነው የሚችለው» አለ አንዱ።

«ሩጫውም ቢሆን ቁልቁለት ሲሆን ነው» አለ ሌላው።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። በእኛ ማኅበር ግን ግንዱ እስኪወድቅ አይጠበቅም፤ ወደ ማዶ ዘንበል ካለ ይበቃል።

አግዳሚው ጥግ ላይ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር ብቻ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ኧረ ተዉ፣ ጉልበቱን አሳክሙኝ ብሎ ስንት ጊዜ ለመነ? ታችኞች እናሳክምሃለን ስላሉት እኮ ነው የሄደው» አለ።

«መምህር!» አሉ ሊቀመንበሩ እጃቸውን አንሥተው። «ጉልበት የግል ጉዳይ ነው፤ ማሊያ ግን የሕዝብ ነው። ስለሆነም የግሉን ከሕዝቡ አናቀላቅል።»

ይህ ንግግር በጣም ተወደደ። ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ጥሩ ንግግር ደግሞ አይጠየቅም።

ሊቀመንበሩ አጀንዳ አስያዙ፦ የቀድሞው አጥቂ ለክለቡ ያበረከተው አስተዋጽኦ ወደፊት በምን መልኩ ይታወስ፣ ወይስ ጭራሽ አይታወስ? ክርክሩ ጦፈ። ፎቶው ከግድግዳ ይውረድ ተባለ፤ ወረደ። ማሊያው ይቃጠል ተባለ፤ ይሄኛው ማሊያው ያላቸው ሰዎች ዝም ስላሉ በእንጥልጥል ቀረ። ጎሚስታው ግን ልቡ ገና አልቀዘቀዘም። ዓይኑን አዟዙሮ ጋሽ መቀስ ላይ አሳረፈው።

«አንተስ ጋሽ መቀስ? የከሃዲን ፀጉር ስትከረክም የኖርክ አንተ አይደለህ?»

«ፀጉሩን ነው የቆረጥኩት። ሐሳቡን አልቆረጥኩ።»

«እሱን ተወው! ጭንቅላቱ እኮ በእጅህ ነበር! ምን ሹክ እንዳልከው ማን ያውቃል? ጓዶች፣ ይህ ዋንጫ እዚህ መቀመጥ የለበትም። እኔ ጋ ይምጣ!»

«ጎማ መሀል?» አለ መምህሩ።

«ጎማ ሰው አይከዳም!»

«እውነቱን ነው» የሚል ማጉረምረም ከአግዳሚው ተሰማ። ጋሽ መቀስ ዋንጫውን አየ። በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ሆኖ ያበራል። በጎማና በግሪስ መሀል ሲቆም ታየው። ሰው ሲፈራ አፉ ከሐሳቡ ይቀድማል።

«ምን ማለታችሁ ነው?» አለ፣ ምላጩን ሽቅብ አንሥቶ። «እኔን ነው የምትጠረጥሩት? እኔ ከሁላችሁም በላይ ነው የተቃጠልኩት! ፎቶ ማውረድ ምን አላት? ማንም ያወርዳል። እኔ ብሆን... እኔ ብሆን ያገባቸውን ጎሎች ራሱ አልቆጥርለትም!»

በእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያቀረበ ሰው እንዳልነበረ ሁሉም ተሰማው። ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ይድገሙልኝ።»

«ጎሎቹ ይሰረዙበት» አለ ጋሽ መቀስ፣ አሁን ድምፁ ትንሽ ወረድ ብሎ።

ጎሚስታው ዘሎ አቀፈው። «ይሄ ነው ሰው! በል ዋንጫህን ያዝ፤ ከአንተ ሌላ ማን ይገባዋል!» ጋሽ መቀስ እፎይ አለ። ዋንጫው ተረፈ። አፍ በጊዜው ሲከፈት እንዲህ ይጠቅማል ብሎ ራሱን አደነቀ።

ወዲያው ወደ ዝርዝር ተገባ። እንዲሁ በደፈናው መሰረዝ ለታሪክ ስለማይመች፣ እያንዳንዱ ጎል በማስረጃ እንዲመረመር ሊቀመንበሩ አሳሰቡ።

«በቴስታ ያገባትስ?»

«እሱ መች መታት? ኳሷ ናት ሄዳ ጭንቅላቱን የመታችው!»

«በፍጹም ቅጣት ምት ያገባውስ?»

«እሱ የዳኛው ጎል ነው።»

«ያቺ አራት ሰው አልፎ ያገባትስ?»

«እነሱ ፈልገው ነው ያሳለፉት። እንግዳ መስሏቸው።»

እንዲህ እየተባለ ከፍጻሜው ጎል ላይ ተደረሰ። እዚህ ላይ ሁሉም ትንሽ ተንተባተበ፤ ያቺን ጎል ያላየ ሰው በሱቁ ውስጥ አልነበረምና። ጎሚስታው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና፣ ብርሃን እንደበራለት ሰው ጣቱን አነሣ።

«ንፋስ ነው!»

«እ?»

«ንፋስ ነው ያዞራት! አለበለዚያ ኳስ ከየት ተምራ ነው እንዲያ የምትዞረው?»

«በዚያን ዕለት ንፋስ ስለመኖሩ እኔ እመሰክራለሁ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ባርኔጣዬን ወስዶብኛል። ስለሆነም ጎሉን ያገባው ንፋስ ሆኖ ስለተገኘ፣ ለተጫዋቹም ሆነ ለማንም አይቆጠርም ይባልልኝ።»

ጋሽ መቀስ በዚያች ቅጽበት መስታወቱን ቀና ብሎ አየ። ዋንጫውን አየ፣ ቀጥሎ ያቺን ጎል አሰበ፣ ከዚያ ያን የአቻ ደንብ አስታወሰ። «ቆዩ» ሊል አፉን ከፈተ። ከፈተና የጎሚስታውን ክንድ አየ፤ «ከሃዲ» የሚለውን ቃል አሰበ፤ አፉን መልሶ ገጠመ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እንግዲህ ማን ያስተውላል? ሁሉም ንዴቱ ላይ ነው።

መምህሩ ግን «ቆይ እስቲ፣ አንድ ለዜሮ ከነበረ፣ አንዱን ስንቀንሰው የሚቀረው...» ብሎ ጀመረ።

«ሒሳብህን ለተማሪዎችህ!» አሉት በአንድ ድምፅ፤ እሱም ቅር ብሎት የተቃውሞ እጁን አወጣ። ከሱ ጋር ማሊያው ያላቸው ሰዎችም አወጡ። እጅ ሲቆጠር ሱቁ እኩል ለእኩል ተከፈለ። ሊቀመንበሩ ላብ በላብ ሆነው ዙሪያውን ሲያዩ፣ ዓይናቸው ወንበሩ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከግማሽ ፊቱ አረፋ በላይ ዓይኑ ብቻ ቁልጭ ቁልጭ የሚለው ደንበኛ ላይ አረፈ።

«እርስዎስ ወዳጄ? በአንቀጽ አንድ መሠረት አባል ነዎት። ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?»

ደንበኛው እስከዚያች ሰዓት ትንፍሽ አላለም ነበር። «ይቅርታ፣ እንዳልሳሳት ነው» አለ በትሕትና። «የመጨረሻዋንም ጎል ይጨምራል? የዋንጫዋን?»

«እንዴታ! ያቺን በተለይ!» አለ ጎሚስታው።

«እንግዲያውስ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ» አለ ደንበኛው፣ ከጨርቁ ሥር እጁን አውጥቶ።

ጭብጨባው መስታወቱን አንቀጠቀጠው። ሊቀመንበሩ ውሳኔውን፣ ከሥሩም አንቀጽ ሁለትን እንዳለ፣ ባማረ እጅ ጽሑፋቸው ጻፉ፤ ከኮታቸው ኪስ የማይለየውን ማኅተም እፍ እፍ ብለው መቱበት፤ በሩ ላይ አስለጠፉት። በዚህ ግርግር መሀል ደንበኛው ጨርቁን ከአንገቱ ፈትቶ፣ አረፋውን በፎጣ ጠርጎ ተነሣ።

«ኧረ ግማሹ ቀርቷል!» አለ ጋሽ መቀስ።

«ግድ የለም፤ እመለስበታለሁ» አለና በሩ ላይ ቆሞ ውሳኔውን ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ ሳቅ እያለ በአንድ ጉንጩ ፂም ወደ ድልድዩ አቀና። እንግዳው እንኳ እንዲህ በውሳኔያችን ደስ ብሎት ሄደ ተባለ።

እሁድ ምሳ ላይ የጋሽ መቀስ ሚስት ወሬውን ሰምታ ጠበቀችው።

«ንፋስ ነው አላችሁ?»

«እኔ አላልኩም። ጎሚስታው ነው ያለው።»

«ይሰረዝ ያለውስ?»

ጋሽ መቀስ እንጀራውን አጣጥፎ መልሶ መዘርጋት ጀመረ።

«እሺ፣ ንፋስ ከሆነ ዋንጫው የማን ሊሆን ነው?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«እዚህ ቤት ከኔና ካንተ ሌላ ማን አለ?» አለችው። ከዚያም ሳህኑን እያነሣች፣ «ያ ልጅ ምላጭ ይዘህ ከጀርባው ቆመህ ሳለ እንቅልፍ የሚወስደው ልጅ ነው። ሰው እንዲያ አምኖ የሚተኛበት ቤት ስንት አለው?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ጋሽ መቀስ አፈረ። ሌላ ስም የለውም፤ አፈረ። ሳምንቱን ሙሉ ዋንጫውን ሲወለውል ዓይን ለዓይን እንዳይገጥመው ይመስል ፊቱን ዘወር እያደረገ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ማኅበሩ ስለ አዲሱ አጥቂ ሊወያይ ተሰብስቦ ሳለ፣ ኮት የለበሱ ሦስት ሰዎች ገቡ። ከፊት የሚመራው ያ ደንበኛ ነው። ቀኝ ጉንጩ ደን ለብሷል፣ ግራው ገና ማቆጥቆጥ ይዟል።

«እንደምን አደራችሁ። የታች ሰፈር ደጋፊዎች ማኅበር ዋና ጸሐፊ ነኝ» አለ።

የጎሚስታው አፍ ተከፍቶ ቀረ። «አንተ! ታዲያ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?»

«ፂሜን ልላጭ ነዋ። መብረቅ የፈረመ ዕለት የእኛ ሰፈር ፀጉር ቤት በደስታ ተጨናንቆ መቀመጫ አጣሁ፤ ድልድዩን ተሻግሬ መጣሁ።» ቀጠለና ድምፁን አስተካከለ። «ማኅበራችን ውሳኔያችሁን ተመልክቶ በእጅጉ አድንቋል። የራሱን ታሪክ እንዲህ በድፍረት የሚያርም ጎረቤት ስላለን ኮርተናል። የፍጻሜው ጎል ካልተቆጠረ ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ነው። አቻ ከሆነ ዋንጫው ከባለቤቱ አይወጣም። ስለሆነም...»

«ስለሆነም» ሲባል ሊቀመንበሩ ከልማድ የተነሣ ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ።

«...ዋንጫችንን ልንወስድ መጥተናል።»

«ይህንኑ ልናገር ስል ነበር ሒሳብህን ለተማሪዎችህ ያላችሁኝ» አለ መምህሩ ከጥጉ።

«አይሆንም!» ጎሚስታው ጮኸ። «የመብረቅ ጎል ነው! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! በቀኝ እግሩ፣ ከሩቅ፣ እንዲህ አድርጎ!» ብሎ በባዶው ሲመታ የፓውደሩን ጣሳ በእግሩ ጠለዘው።

«ንፋስ ነው ያሉት እርስዎ አልነበሩም?»

«ንፋስስ ቢሆን? ልጁ ራሱ ንፋስ አይደል!»

ሊቀመንበሩ በአስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ውሳኔው እንዲሻር ሐሳብ ቀረበ፤ ጎሚስታው ሁለት እጁን አወጣ። በታሪኩ የመጀመሪያ ሊባል በሚችል ሁኔታ መላው ማኅበር ተስማማ። ከአንድ ሰው በቀር።

«አንቀጽ ሁለት» አለ ዋና ጸሐፊው ፂማም ጉንጩን እያከከ። «ውሳኔውን የደገፉት ሁሉ በአንድ ቃል ካልተስማሙ አይሻርም። እኔ ደግሞ ደግፌ ነበር። በሙሉ ልቤ። አሁንም እደግፋለሁ።»

«ይህን ደንብ የጻፈው ማነው?» አለ ጎሚስታው በቁጣ። ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን መመርመር ጀመሩ። ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም ይላሉ አባቶች፤ ብልህ የተከለውን ማን እንደሚነቅል ግን ሳይነግሩን ነው ያለፉት።

ይህ ሁሉ ሲሆን በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተና መብረቅ ገባ። የታች ሰፈርን ጃኬት ለብሷል። ዱሮ ትንሽ ያነክስ የነበረው እግሩ ቀጥ ብሎ ይረግጣል። ሰውን ሁሉ በዓይኑ አልፎ ጋሽ መቀስን ብቻ አየ።

«ጋሼ፣ ነገ ጨዋታ አለኝ። ተራ አለ?»

የሆነው ነገር ለመናገር ያሳፍራል፤ ለማየት ግን ደስ ይል ነበር። ጎሚስታው ቀድሞ አቀፈው። ሌላው ለማቀፍ ሲሻማ ጫማውን ረገጠው፣ ሌላው ትከሻውን ሳመው። «ልጃችን! የእኛ ጀግና! የወለድንህ እኛ አይደለን!»

«ምን ሆናችኋል?» አለ መብረቅ።

«ንገራቸው! ለእነዚህ ሰዎች ንገራቸው! የፍጻሜውን ጎል ማነው ያገባው?»

መብረቅ ወደ በሩ ዞሮ ማኅተም የረገጠውን ወረቀት አየ። ከዚያ ጋሽ መቀስን አየ። ጋሽ መቀስ አንገቱን ደፍቶ ከማበጠሪያው ላይ ፀጉር መልቀም ጀመረ፤ ማበጠሪያው ግን ንጹሕ ነበር።

«ስገባ አንብቤዋለሁ» አለ መብረቅ። «ማኅተም ያረፈበትን ነገር እኔ ማን ነኝና አስተባብላለሁ? ንፋስ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። ዋና ጸሐፊው ዋንጫውን ከመደርደሪያው አነሣ፤ መስታወቱ ውስጥ የነበረውም አብሮ ተነሣ። ሆኖም ሰውየው ወዲያው አልወጣም። «እመለስበታለሁ ብዬ ነበር» አለና ዋንጫውን ጭኑ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ መቀስ ጨርቁን ከነዋንጫው አለበሰው፤ ሆዱ የተነፋ ሰው መሰለ። ቀኝ ጉንጩን ላጨለት። ሥራ ሥራ ነው። ሰውየው ሁለት ጉንጩን በመስታወት አመሳክሮ፣ አመስግኖ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ዋንጫውን ተሸክሞ ወጣ።

ተራው የመብረቅ ሆነ። ጋሽ መቀስ ጨርቁን አራግፎ አለበሰው። የሚለው ነገር ነበረው፤ ግን አግዳሚው ሙሉ ነው። ጎንበስ ብሎ በጆሮው «ጉልበትህ እንዴት ነው?» አለው።

«ድኗል ጋሼ።»

«ተመስገን» አለና ቶንዶሱን አስነሣ። ትንሽ እንደቆየ የልጁ አንገት ዘንበል አለ።

አግዳሚው ላይ ግን አዲስ ነገር ተጀምሯል።

«ዋንጫው እኮ ዱሮም ብር አልነበረም። ቅብ ነው።»

«እጀታውም የተጣመመ ነበር። እኔ ላለማስቀየም ነው ዝም ያልኩት።»

«ውስጡ ደግሞ ባዶ ነው» አለ ጎሚስታው። «ሙሉ ዓመት አየሁት፤ ምንም የለውም!»

ሊቀመንበሩ ተነሡ። ዋንጫው ቀድሞውንም ዋንጫ እንዳልነበረ እንዲታወቅልን የሚል አጀንዳ አስያዙ። መምህሩ ተቃወመ፤ አሁንም ጥቂት ሰዎች ተከተሉት። እጅ ተቆጠረ፤ እኩል ለእኩል ሆነ።

«ጋሽ መቀስ ድምፁን አልሰጠም» አለ አንዱ።

«ልጁም አለ» አለ ጎሚስታው። «በአንቀጽ አንድ መሠረት እሱም አባል ነው። ቀስቅሰውና ይስጥ!»

ጋሽ መቀስ ቶንዶሱን አጠፋ። ባዶውን መደርደሪያ አየ፤ ዋንጫው ከቆመበት ላይ አቧራ ያልነካው ክብ ቦታ ቀርቷል። ከዚያ ወንበሩ ላይ የተኛውን ልጅ አየ።

«ልጁ ተኝቷል» አለ በለሆሳስ። «ስለሆነም፣ ውጡ።»

«እንዴት?»

«ውጡ አልኩ።»

ቶንዶሱ በእጁ ስለነበረ ነው ወይስ «ስለሆነም» ስላለ ነው፣ አይታወቅም፤ ወጡ። በሩን ከኋላቸው ቀረቀረው። መንገዱ ዳር ቆመው ስለ ዋንጫው እጀታ ሲከራከሩ ድምፃቸው በመስኮቱ በኩል ይሰማ ነበር።

ያኔ ነው ለጋሽ መቀስ ነገሩ የገባው። በስብሰባ ሰዓት በፀጉር ቤቱ ውስጥ የተገኘ ሁሉ አባል ነው። እንግዲህ በዚያች ሰዓት የላይ ሰፈር ደጋፊዎች ማኅበር ማለት እሱና ልጁ ናቸው፤ ልጁ ደግሞ ተኝቷል። ጋሽ መቀስ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ቶንዶስ የያዘ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አነሣ። የፍጻሜው ጎል የመብረቅ ነው የሚለው ሐሳብ ያለ አንዳች ተቃውሞ አለፈ።

ማኅተሙ ግን ውጪ፣ በሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነበር።